ከመልሱ በፊት ጥያቄው፦ ሐዋሳ ላይ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክን ሳስተምርና ስመረምር

በዩኒቨርሲቲያችን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ኮርስ ሲከፋፈል ማንም የማይሻማበት አንድ ኮርስ አለ። ኢኮኖሜትሪክስ የያዘ መምህር የሰርቬይ ሥራ ይጠራዋል፤ ዴቨሎፕመንት ኢኮኖሚክስ የሚያስተምረው ለኤንጂኦ ጥናት ይፈለጋል። የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለአዲስ ተቀጣሪ ነው። ለእኔም በዚሁ መንገድ ደረሰኝ። ማስተርሴን ይዤ ሐዋሳ ስመጣ ሐሳቤ የሲዳማን ቡና ዋጋ ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር መተንተን ነበር። ኮርሱን የተቀበልኩት አዲስ ሰው ስለማይመርጥ ብቻ ነው። ዛሬ ግን በሌላ ለውጥ ቢሉኝ እሺ አልልም። ወጣት መምህራን በሻይ ሰዓት “በዚህ ትምህርት እንጀራ ይበላል ወይ?” እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ እንዴት እንደሄድኩበት ልጻፈው።

የተረከብኩት ሞጁል የስም ዝርዝር ነበር። መርካንቲሊስቶች፣ ፊዚዮክራቶች፣ ክላሲካሎች፣ ማርክስ፣ ማርጂናሊስቶች፣ ኬንስ፤ ከእያንዳንዱ ስም ሥር “ዋና ዋና ሐሳቦች”፣ ቀጥሎ “የቀረቡ ትችቶች”። ተማሪው “የኢኮኖሚክስ አባት” ሲባል አዳም ስሚዝን፣ “ትርፍ እሴት” ሲባል ማርክስን እያጠቆረ ፈተናውን ያልፋል። ከመሸምደዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ዝርዝሩ ሳይናገር የሚያስተምረው ነገር ነው፤ የቀደሙት ሁሉ ተሳስተው፣ ተከታዩ እያረመ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ነገሩ ያለቀለት ያስመስለዋል።

የለወጥኩት አንድ ነገር ነው። ስለ ማንም ጸሐፊ ሐሳብ ከማስተማሬ በፊት ሰውየው ምን ቸግሮት እንደጻፈ፣ ከማን ጋር ይሟገት እንደነበር፣ ማንን ሊያሳምን እንደፈለገ አስቀድማለሁ። ማስተማሬም ምርምሬም የቆመው በዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ያልታወቀ መልስ ለፈተና እንጂ ለማሰብ አይሆንም።

እንግሊዛዊውን ኢኮኖሚስት ዴቪድ ሪካርዶን ልውሰድ፤ በመማሪያ መጻሕፍት ከሁሉም በላይ የተጎዳው እሱ ይመስለኛል። የሁለት አገርና የሁለት ዕቃ ሰንጠረዥ አድርገው አስቀርተውታል። እኔ ግን ወደ ሰንጠረዡ ከመግባቴ በፊት እ.ኤ.አ. 1815ን እተርካለሁ። ከናፖሊዮን ጋር የተደረገው ጦርነት ሲያበቃ፣ ከባሕር ማዶ የሚገባው እህል ዋጋ ያወርድብናል ብለው የሰጉ ባለርስቶች በሞሉት የእንግሊዝ ፓርላማ የእህል ሕግ ወጣ። የአገር ውስጥ ስንዴ ከተወሰነ ዋጋ በላይ እስኪወጣ ድረስ የውጭ ስንዴ አይሸጥም ተባለ። የሪካርዶ ክርክር እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ዳቦ ሲወደድ ደመወዝ መጨመር አለበት፣ ደመወዝ ሲጨምር የባለፋብሪካው ትርፍ ይቀንሳል፣ ባለርስቱ ግን ቁጭ ብሎ ኪራይ ይሰበስባል። በ1817 የታተመው መጽሐፉ ያለዚህ ክርክር አይነበብም። ሰውየው በ1823 ሞተ፤ ሕጉ የተሻረው በ1846 ነው።

ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ከዚህ በኋላ ነው። እንግሊዝ ጨርቁን ለመሥራት የ100 ሰው የዓመት ሥራ፣ ወይኑን ለማምረት የ120 ሰው ያስፈልጋታል። ፖርቹጋል ለወይኑ 80፣ ለጨርቁ 90 ይበቃታል። ክፍሉ ወዲያው “ፖርቹጋል ሁለቱንም ትሥራ!” ይላል። አልቸኩልም፤ እርስ በርስ ይከራከሩ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ይደርስበታል፤ ፖርቹጋል የ80 ሰው ሥራ የሆነውን ወይን ልካ 90 ሰው ያስፈልጋት የነበረውን ጨርቅ ታገኛለች፣ እንግሊዝም የ100 ሰው ሥራ የሆነውን ጨርቅ ልካ 120 ሰው ያስፈልጋት የነበረውን ወይን ታገኛለች።

አንድ ዓመት ታዲያ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና “ቲቸር፣ እኛ ፖርቹጋል ነን ወይስ እንግሊዝ?” አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ከተማው ውስጥ እህቱ፣ ጎረቤቱ ወይም ተከራዩ ፓርኩ ውስጥ ያልሠራችበት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ልጁን ወደ መጽሐፉ መለስኩት። ሪካርዶ ሰንጠረዡ እንዲሠራ አንድ ነገር ይዟል፤ ካፒታል አገሩን ለቆ አይሄድም። ባለሀብት ገንዘቡን በማያውቀው ሕግና መንግሥት ሥር ማኖር ስለሚፈራ፣ አነስ ባለ ትርፍም ቢሆን አገሩ ይቀመጣል ይላል። እኛ ጋ የሆነው ተቃራኒው ነው። ባለፋብሪካው ከውጭ መጣ፣ ጨርቁም በብዛት ከውጭ መጣ፣ ከእኛ የተገኘው የሴቶቹ እጅ ነው። የተሰፋው ልብስም አሜሪካ ያለቀረጥ የሚገባው አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የንግድ ዕድል በሰጠችበት ሕግ፣ በአጎዋ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንድትወጣ ሲደረግ ዕቃቸውን ጠቅልለው የሄዱ ኩባንያዎች አሉ። ከዚያ ወዲህ የተርም ፔፐር ርዕሴ ይኸው ሆኗል፦ ካፒታል ድንበር ሲሻገር ከሪካርዶ ሰንጠረዥ ምን ይተርፋል? መልሱ ሃንድአውት ላይ ስለሌለ የሚቀዳ የለም፤ ይህ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው።

ስሚዝንም እንዲሁ። “የአገሮች ሀብት” በተባለው መጽሐፉ አሥር ሰዎች ሥራ ተከፋፍለው በቀን 48,000 እስፒል መሥራታቸውን ሁሉም ይጠቅሳል። እዚያው መጽሐፍ አምስተኛው ክፍል ውስጥ፣ ዕድሜውን በሁለት ሦስት ቀላል ሥራ የጨረሰ ሰው አእምሮው ይደነዝዛል፣ መንግሥትም ሊያስተምረው ይገባል ብሎ መጻፉን ግን የሚያነብ ጥቂት ነው። ይህን ስናነብ አንዲት ተማሪ “እህቴ ኮሌታ ብቻ ነው የምትሰፋው” አለች። የቀረውን ሰዓት ክፍሉ ራሱ አስተማረ፤ እኔ ሰሌዳ ከመጥረግ በቀር ሥራ አልነበረኝም።

ስለ ኢኮኖሚ ወደ ጻፉት ኢትዮጵያዊ፣ ወደ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ያደረሰኝ ያ የፖርቹጋልና የእንግሊዝ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 አድዋ አካባቢ ተወልደው፣ በልጅነታቸው አውሮፓ ገብተው፣ በጀርመንኛ ተምረው፣ ተመልሰው ድሬዳዋ ላይ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የጉምሩክ ሹም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1919 ገና በወጣትነታቸው አረፉ። “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” የታተመው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1924) ነው። ክርክራቸው በአጭሩ ሲነገር፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ጊዜ የሠራውን ዕቃ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ጊዜ ድካም ካመረተው ጋር ሲለውጥ ልውውጡ የእኩያ አይሆንም። በሪካርዶ ሰንጠረዥ ሁለቱም ወገን ያተርፋል፤ ገብረ ሕይወት ደግሞ አንደኛው ወገን ዘላለም ጥሬ ዕቃ ሻጭ ሆኖ ከቀረ በኋላ ምን እንደሚደርስበት ይጠይቃሉ። ሁለቱን በተከታታይ ሳምንት ማስተማር ጀመርኩ። የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም በዚያ ሳምንት ንባቡ በአማርኛ ስለሆነ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ድምፃቸውን ሰምቼው የማላውቀው ልጆች ይናገራሉ።

ምርምሩም ከዚያ ቀጠለ። ገንዘብ አልፈጀብኝም፤ የፈጀብኝ ጊዜ ነው። የስሚዝ፣ የሪካርዶ፣ የማርሻል መጻሕፍት የቅጂ መብታቸው ያለፈ ስለሆነ በነፃ ይወርዳሉ። የእኛዎቹ ግን አዲስ አበባ ናቸው፤ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሴሚስተር ዕረፍቴን ለዚህ አዋልኩት። ፎቶ ማንሳት በተፈቀደበት እንኳ ዋናውን ክፍል በእጄ ገልብጫለሁ፤ የእጅ ጽሑፍ ስለማያስቸኩል፣ ክርክሩ የሚታጠፍበት ቦታ የሚታየኝ በዚያ ነው። ለጀማሪ አንድ ነገር ላክል፦ ዓመተ ምሕረት ሲጠቅስ ይጠንቀቅ። 1916 በእኛ፣ 1924 በፈረንጅ ነው፤ አንዱን በሌላው ተክቶ የሚጽፍ ሰው መጽሐፉን ደራሲው በሕይወት እያሉ ያሳትምላቸዋል፣ ወይም ካልተደረገ ክርክር ውስጥ ይከታቸዋል።

ስለ ገብረ ሕይወት በሚጻፈው ውስጥ የማልወደው አንድ ልማድ አለ። “ከፕሬቢሽ በፊት ፕሬቢሽ ነበሩ” ይባላል። ሙገሳ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ማሳነስ ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ዚንገር በየፊናቸው እ.ኤ.አ. 1950 ገደማ ያቀረቡት ክርክር የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከፋብሪካ ዕቃ አንፃር በጊዜ ብዛት ይወርዳል የሚል ነው። ፕሬቢሽ የተነሣው ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከተመዘገበ የብሪታንያ የዋጋ መረጃ ሲሆን፣ ማብራሪያውም ባደጉት አገሮች ባለው የደመወዝና የሠራተኛ ማኅበር አቅም ላይ ያርፋል። ገብረ ሕይወት ዋጋ ባይወርድም ልውውጡ ጎዶሎ ነው ባይ ናቸው፤ መሠረቱ ዕውቀትና የሥራ ጊዜ ነው፤ የሚናገሩትም ግብርን፣ ጉምሩክን፣ ገንዘብን ማስተካከል ለሚችል ለአገራቸው መንግሥት ነው። መልሳቸው ከፕሬቢሽ ጋር ቢቀራረብም ጥያቄያቸው ሌላ ነው። ጀርመን ስለኖሩ፣ ጀማሪ ኢንዱስትሪ በቀረጥ ይጠበቅ ያለውን ጀርመናዊ ኢኮኖሚስት ፍሪድሪሽ ሊስትን አንብበዋል የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሊሆን ይችላል፣ አንድ አገር ውስጥ መኖር ግን የማንበብ ማስረጃ አይሆንም። “ቀዳሚ ነበሩ” ማለት ሰውን ከኋላው በመጣ ሰው ቁመት መለካት ነው፤ እኔ አልገባበትም። ይህን አቋም የያዘ ጽሑፌን አንድ ጆርናል “ሞዴሉ የታለ?” ብሎ መልሶታል። ሌላ ጆርናል ተቀበለው።

ወደ እንጀራው ልምጣ። ለረዳት ፕሮፌሰርነትም ሆነ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የታተመ ሥራ ያስፈልጋል፤ በዚህ መስክ ብቻ የሚሄድ ሰው ዕድገቱ ይዘገያል። ይህን ሸፋፍኖ ወጣት መምህር ማግባባት ነውር ነው። እኔ ከባልደረቦቼ ጋር የቡና አምራቾች ሰርቬይ ላይ እሠራለሁ፤ ዕድገቴ በአብዛኛው የመጣው በዚያ በኩል ነው። የሚገርመው ግን ሰርቬዩም ከሐሳብ ታሪክ ተጠቅሟል። ገበሬው ቀይ እሸት ቡናውን ለሰብሳቢ ሲሸጥ የሚቀበለውን ዋጋ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ቡናውን አድርቆ ለመሸጥ ስንት ቀን ሥራ እንደሚጨምርበት መጠየቅ ሌላ ነው። ሁለተኛውን መጠይቁ ውስጥ ያስገባሁት ገብረ ሕይወትን ሳነብ ስለነበር ነው።

የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ “ቲቸር፣ ይሄ ኤግዚት ላይ ይመጣል?” የሚለው ጥያቄ በዝቷል። አልቆጣም፤ ልጆቹ ዲግሪያቸው የሚያዘው በዚያ ፈተና ነው። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ለምርጫ ጥያቄ ልምምድ እተዋለሁ። ስሚዝን ከነጭንቀቱ ያነበበ ተማሪ “አባት ማን ነው” የሚለውን ስቶ አያውቅም።

የአገር ብልጽግና ወርቅና ብር በማከማቸት ነው የሚለው መርካንቲሊዝም ደግሞ ሐምሌ 2016 የኢትዮጵያ ብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ ለማስተማር ቀሎኛል። ቀድሞ ወርቅና ብር ማከማቸት የሞኝ ሥራ የሚመስላቸው ተማሪዎች፣ አሁን የውጭ ምንዛሪ ክምችት መንግሥትን ለምን እንደሚያስጨንቅ ለማስረዳት እኔን አይጠብቁም።

በአሁኑ ሰዓት የያዝኩት ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ይወጣ የነበረውን “ብርሃንና ሰላም” ጋዜጣ ነው። ስለ ንግድ፣ ስለ ሥራና ስለ ትምህርት የጻፉትን ሰዎች እያወጣሁ፣ እያንዳንዱ ለማን መልስ እየሰጠ እንደነበር በካርድ አሰባስባለሁ። ማስተርሱን እዚሁ የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ያግዘኛል። እሱ የጋዜጣው ጸሐፊዎች የገብረ ሕይወትን መጽሐፍ አንብበው ነው የሚጽፉት ይላል። እኔ መመሳሰሉ ብቻውን አያሳምነኝም፤ ከመጽሐፉ የተወሰደ ነገር ከጋዜጣው ላይ እንዲያሳየኝ ጠይቄዋለሁ፣ እየፈለገ ነው።