ለሁለት ጊታር አንድ አምፕ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ጊታር አለኝ፤ አንዱ አኮስቲክ፣ ሌላው ኤሌክትሪክ። ቅዳሜ ማታ አንድ ሆቴል ውስጥ እጫወታለሁ። የሠርግ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ጣርማ በርን ወርጄ ደብረ ሲናም፣ ሸዋ ሮቢትም እደርሳለሁ፣ ያውም በሚኒባስ። ሁለት አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ይዞ መጓዝ የማይታሰብ ነው።

ለሦስት ዓመት የሠራሁት ባለ 12 ኢንች ስፒከር በሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕ ነበር። ለኤሌክትሪኩ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ የመጣው የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ በአኮስቲኩ ትዝታ ልጫወትላቸው ቃል ገብቼ ነበር። ሰካሁትና ጀመርኩ። ድምፁ ታፈነ፤ የመንዝ ባና ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ትሬብሉን ብጨምር ሹክሹክታው ብቻ ጨመረ። ቮልዩሙን ከፍ ሳደርገው ደግሞ አምስተኛውን ክር በነካሁ ቁጥር አምፑ "ኡ..." እያለ መጮህ ያዘ። አጎቴ ቀስ ብለው ጠጋ አሉና "ልጄ፣ ገመዱን ንቀለውና እንዲሁ ተጫወትልን" አሉኝ። ነቀልኩት። የቀረቡት ሰሙ፣ ከኋላ የነበሩት ግን ምንም አልሰሙም። ያ ነገር በጣም ቆጨኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማጥናት የጀመርኩት። ዋናው ጉዳይ ስፒከሩ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ቁጥር) ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ቆርጦ ይጥለዋል። ለኤሌክትሪክ ጊታር ይህ በረከት ነው፤ የዲስቶርሽኑን (ሆን ተብሎ የሚሻከረውን ድምፅ) ሻካራ ጫፍ ይሞርድለታል። የአኮስቲክ ውበት ግን እዚያ ላይ ነው ያለው፤ ጥፍር ክሩን ሲነካ የሚሰማው፣ ጣት ሲንሸራተት የሚሰማው። ለዚህ ነው የአኮስቲክ አምፕ ብዙ ጊዜ ትዊተር፣ ማለትም ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር፣ የሚጨመርለት።

ጩኸቱስ? አምስተኛው ክር ክፍቱን ሲመታ 110 ኸርዝ ነው። በጊታሩ ሆድ ውስጥ ያለው አየርም የሚያስተጋባው እዚያው አካባቢ ነው። አምፑን ከጀርባዬ አድርጌው ስለነበር ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ በቀጥታ የጊታሩን ሆድ ይመታል፣ ሆዱ ይንቀጠቀጣል፣ ፒክአፑ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) ያንኑ ወደ አምፑ መልሶ ይልከዋል። አሁን አምፑን ወደ ጎን፣ ትንሽ ወደ ፊት ነው የማስቀምጠው። ይህ ብቻውን ግማሹን ችግር ፈታልኝ።

አዲስ አበባ ለመግዛት ስሄድ ሁለቱንም ጊታር ይዤ ሄድኩ። በሱቁ ጊታር እንዳትሞክሩ፣ የራሳችሁን ያዙ። በሁለቱም ያንኑ ትዝታ ደጋግሜ ተጫወትኩ፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጌ። ሻጩ ልጅ ታጋሽ ነበር። "ወንድሜ፣ ይሄ 100 ዋት ነው፣ እሱን ውሰድ" አለኝ። ዋት ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ለጆሮ ትንሽ ልዩነት። ለእኔ ሆቴል 30 ዋት ይበቃል።

ቦስ ካታና 50ን ሞከርኩ። ከአምፕ ዓይነቶቹ አንዱ "አኮስቲክ" ይላል፣ ከድሮው አምፔም በብዙ ይሻላል። ስፒከሩ ግን ያው ባለ 12 ኢንች ነው። ዋና ሥራው ኤሌክትሪክ የሆነ፣ አኮስቲክ አልፎ አልፎ የሚነካ ሰው እሱን ቢገዛ አይቆጨውም። የእኔ ሥራ ግማሽ በግማሽ ነው። በመጨረሻ ያገለገለ ሮላንድ ኤሲ-33 አገኘሁ፤ 30 ዋት፣ ሁለት ቻናል፣ ጩኸት መከላከያ ያለው፣ በ8 ባትሪ ድንጋይም የሚሠራ። አኮስቲኩን ስሰካው ቤቴ ቁጭ ብዬ የምሰማው የራሴ ጊታር ነው የመጣው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ኤሌክትሪኩን በዲስቶርሽን ስሰካው ግን ጣሳ ውስጥ የገባ ተርብ ሆነ። የሚቆርጥለት ስፒከር የለማ! መፍትሔው የጊታር ስፒከርን ጠባይ አስመስሎ የሚሠራ ፔዳል (በጊታሩና በአምፑ መካከል የሚሰካ ትንሽ ሣጥን) ነው፤ ካቢኔት ሲሙሌሽን ይሉታል። ፔዳሉ በኪስ ይገባል። ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል አልፎ ሲገባ ተርቡ ጠፋ። ስለዚህ ሁለቱንም በእኩል ለሚጫወት ሰው ምክሬ ይህ ነው፦ አምፑን ለአኮስቲኩ ግዙ፣ ኤሌክትሪኩን በፔዳል አስተካክሉ። የታፈነን ድምፅ በፔዳል መመለስ አይቻልም፣ የበዛን መቁረጥ ግን ቀላል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ ዘመድ አምፕ ሊያመጣላችሁ ከሆነ ጀርባውን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። የጓደኛዬ የተቃጠለው በሰካው ቅጽበት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ቀድሜ ድንጋይ ከትቼበት ስለነበር ሻማ እስኪመጣ በጨለማው ተጫወትኩ፣ አንድም ሰው አልተነሳም። የኅዳር ውርጭ ድንጋይ ቶሎ ስለሚያደክም መለዋወጫዎቹን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው የምይዛቸው። ከአኮስቲክ ወደ ኤሌክትሪክ ስቀይር ድምፁ እንዳይዘልብኝ ደግሞ ቮልዩም ማዞሪያዎቹ አጠገብ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ ሁለት መስመር አስምሬበታለሁ።