ከከሰል ጉድጓድ እስከ ሱፐርማርኬት፦ በኤም 62 መንገድ ላይ ያየኋቸው ሜዳዎች

የምሠራው ሊድስ አጠገብ ባለ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ማሽኖቹን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሰውን ሁሉ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ «ፍቅር» ብለው ነው የሚጠሩት። መጀመሪያ ሰሞን ደንግጬ ነበር። በዮርክሻየር ወንድ ወንድን «ፍቅር» ሲል እኛ «ወንድሜ» እንደምንለው መሆኑን ለመልመድ ወራት ፈጀብኝ። በእንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ በልቤ ግን አባባ ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከሰል ሲቆፍሩ ነው። ኬሊንግሊ የሚባለው ጉድጓድ በዲሴምበር 2015 ሲዘጋ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በብሪታንያ ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ የሚባል ነገር አበቃ፤ እሳቸውም እንደ ብዙዎቹ ወደ መጋዘን መጡ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ፣ የሥራ ልብሳችንን እየቀየርን ሳለ፣ «ዛሬ ማታ ካስልፎርድ ትመጣለህ። ነገ ደግሞ በመኪና እንዞራለን» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

የጠሩኝ ራግቢ ሊግ ለማየት ነው፤ በሰሜን እንግሊዝ የሚጫወቱት የራግቢ ዓይነት። እስከዚያ ቀን ይህን ጨዋታ የማውቀው ሊድስ ባለው በሔዲንግሊ ሜዳ በኩል ብቻ ነበር፤ ቤቴ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሔዲንግሊ ራግቢና ክሪኬት ጀርባ ለጀርባ የሚኖሩበት ግቢ ነው፤ መሐል ላይ ያለው ትሪቡን በአንድ ፊቱ ራግቢውን፣ በሌላ ፊቱ ክሪኬቱን ያያል። ይህን ባለ ሁለት ፊት ትሪቡንና የደቡቡን ከ2017 እስከ 2019 ድረስ አፍርሰው እንደገና ሠሯቸው፤ ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣበት። ዋናው ግፊት የመጣው ከክሪኬቱ ነው፤ ትሪቡኑ ካልታደሰ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ሊቀርበት ነበር። ጎረቤት ሲያሠራ የጋራው ግድግዳ ለአንተም ይታደሳል እንደማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው «ሁሉም እንዲህ ያለ ጎረቤት የለውም» አሉና መኪናቸውን አስነሡ።

ካስልፎርድ ስንደርስ ካፊያ ጀምሯል። መኪናውን ራቅ አድርገን አቁመን በእግር ሄድን። ዌልደን ሮድ የቀይ ጡብ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ የተደገፉበት መንገድ ነው። ሰው ከየበሩ እየወጣ ይቀላቀለናል፤ ቢጫ ስካርፍ፣ ልጅ በትከሻ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ከነዘንቢላቸው። የሜዳው ፓውዛ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ብቅ ሲል ሁሉም ሰው እርምጃውን ፈጠን አደረገ። ሜዳው የተሠራው በ1926 ነው፤ የካስልፎርድ ቡድን ከ1927 ጀምሮ እዚሁ አለ። በዚሁ በኩል ዌልዴል የሚባል የከሰል ጉድጓድ ነበር፤ በ1987 ተዘጋ። ከፈረቃ የወጣ ቆፋሪ ፊቱን ታጥቦ በቀጥታ ወደ ሜዳ ይገባ ነበር ማለት ነው።

የሚሽከረከረውን ጠባብ የብረት በር ጎኔን ሰጥቼ አለፍኩ። ውስጡ ስገባ የማውቀው ቦታ መሰለኝ። አብዛኛው ሰው የሚቆመው ኮንክሪት ደረጃ ላይ ነው፤ እዚህም እዚያም ሰው እንዳይገፋፋ የተተከለ መደገፊያ ብረት አለ። ሽማግሌው በቀጥታ ወደ አንዱ ብረት ሄደው ክንዳቸውን አሳረፉ። አባታቸውም እዚያው ብረት ላይ ይደገፉ ነበር። ከጎን ያሉት ሰዎች ቦታ ለቀቁልኝ፤ «ይህ ማነው?» ያለ የለም፤ ከእሳቸው ጋር መምጣቴ በቃ።

አዲስ አበባ ስታዲየም ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፤ እነዚህ ስሞች የቲኬት ዋጋ ብቻ አልነበሩም፣ የሰው ዓይነት ነበሩ። ካታንጋ የሚቀመጥ ሰው ጥላ ፎቅ ቢጋብዙትም አፉ አይፈታለትም። ለሽማግሌው ይህን ሳስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «እኛም አለን» አሉ፤ ከዚያ ወገን ያለውን ጥቂት መቀመጫ በአገጫቸው እያሳዩኝ።

በእረፍት ሰዓት ፓይ ገዙልኝ፦ ሥጋ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ፣ ላዩ ላይ የተደቆሰ አረንጓዴ አተር የፈሰሰበት። ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ያለ ሐሳብ በላሁት። አተሩ ክክ አልጫ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የነገረው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ። ጨዋታው? በየወገኑ 13 ሰው ነው፣ ስድስት ጊዜ ተይዘህ ከወደቅህ ኳሱን ታስረክባለህ። ከሜዳው ያለን ርቀት ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሰው ሲጋጭ ድምፁ ይሰማል፤ ኩንታል ጤፍ ከአይሱዙ ላይ ሲወረወር እንደሚሰማው ያለ ነው።

የክለቡ ሰዎች ከዚህ ሜዳ ወጥቶ ከከተማው ዳር ግላስሃውተን ላይ አዲስ ስታዲየም ስለ መሥራት ለዓመታት ሲያወሩ ኖረዋል። በኋላ ሐሳቡ ተለወጠና አሮጌውን ማደስ ላይ ደረሱ። አሁን ደግሞ ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ከ2025 የውድድር ዘመን ጀምሮ በሱፐር ሊግ፣ ማለትም በራግቢ ሊግ ከፍተኛው ውድድር፣ ለመቆየት ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ ክለቦች ከ20 ነጥብ ይመዘናሉ፣ 15 ያገኘ «ኤ» ተብሎ ቦታው ይጸናለታል። ከ20ው ውስጥ 3ቱ የስታዲየም ናቸው፦ አገልግሎቱ እንዴት ነው፣ ወንበሩ ምን ያህል ይሞላል፣ ትልቅ ስክሪን አለ ወይ፣ ሜዳው በእጅህ ነው ወይስ በሰው እጅ። ሽማግሌው በዚህ ይናደዳሉ። «በ2017 በዚሁ ሜዳ ሊጉን በአንደኝነት ጨረስን። ያኔ ስክሪኑ ነበር የሮጠው?»

አልመለስኩላቸውም፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። የዚያ ዘመን ሜዳ ሁሉ የተሠራው ቆሞ ለሚውል ጤነኛ ወንድ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የት ይሁን? ልጇን ይዛ የምትመጣ እናትስ? ያችን ዘንቢል የያዙ አሮጊት ደረጃው ላይ ሁለት ሰዓት ቆመው አየኋቸው፤ ደስተኛ ነበሩ፤ ምርጫ ቢኖራቸው ግን ምን እንደሚሉ አልጠየቅኳቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ያቆምነው ዌክፊልድ ነበር። የካስልፎርድና የዌክፊልድ ነገር የጎረቤት ባላንጣነት ነው፤ ሽማግሌው ከመኪናው አልወረዱም። ቤል ቩ የሚባለው ሜዳ በምሥራቅ በኩል የነበረው አሮጌ ወገን ፈርሶ አዲስ ትሪቡን ተተክቶለታል፤ ስሙንም በራግቢ ሊግ ታሪክ ከማንም በላይ ነጥብ ላስቆጠረው ለኒል ፎክስ ሰጥተውታል፤ 6,220 ነጥብ! ብረቱ አዲስ፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ነው። መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩትና «ክፉ አይደለም» አሉ። ከካስልፎርድ ሰው አፍ ይህ እልልታ ነው።

ከዚያ ብራድፎርድ፣ ኦድሳል። ስለዚህ ሜዳ ሰምቼ ነበር፤ ማየት ግን ሌላ ነው። ከዋናው መንገድ ላይ ሆነህ የምታየው ስታዲየም ሳይሆን ጉድጓድ ነው። የድንጋይ ካባ ነበር፣ ከዚያ የቆሻሻ መጣያ ሆነ፤ ቆሼ በሉት። ክለቡ ቦታውን ከከተማው ምክር ቤት ሲከራይ ጎንና ጎኑን በዚያው በሚደፋው ቆሻሻና አመድ ከፍ አድርገው፣ የባቡር ሐዲድ እንጨት ለደረጃ ደርድረው በ1934 ከፈቱት። ሜይ 5 ቀን 1954 ሃሊፋክስና ዋሪንግተን ቻሌንጅ ካፕ የሚባለውን ዋንጫ ፍጻሜ ለመድገም እዚህ ሲገናኙ በቲኬት የተቆጠረው ብቻ 102,569 ሰው ነበር። የሽማግሌው አባት ከነዚያ አንዱ ነበሩ። (በሰሜን እንግሊዝ አባቱ ያን ቀን ኦድሳል ያልነበረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።)

በአጥሩ በኩል ወደ ታች ስናይ ሣሩ ሩቅ ነው፣ ደረጃው ይወርዳል፣ ይወርዳል። አንድ ላይ መቶ ሺህ ሰው ይዞ የነበረ ቦታ ባዶውን ሲሆን የሚሰማው ዝምታ ከሌላ ባዶ ቦታ ይለያል። እዚህ ላይ ታላላቅ ፕላኖች ከአንድ ጊዜ በላይ ተነድፈዋል፤ ሁሉም ወረቀት ላይ ቀሩ። ለምን ቢባል ጉድጓድ ማደስ ቤት ከማደስ ይከብዳል፤ ከሥሩ ያለው ቆሻሻ ነው፣ መሠረት የሚይዝ አፈር አይደለም። በ2012 የእንግሊዝ የራግቢ ሊግ ማኅበር የሜዳውን ኪራይ ውል ገዛው፤ ክለቡ ለ2020 ወደ ዲውስበሪ ተሰደደ፤ በ2021 ተመልሶ መጣ።

ብራድፎርድ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሜይ 11 ቀን 1985 በዚሁ ከተማ ቫሊ ፓሬድ በሚባለው የእግር ኳስ ሜዳ የእንጨቱ ትሪቡን ሥር በተጠራቀመ ቆሻሻ እሳት ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ 56 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በሰሜኑ ሁሉ የደኅንነት ቁጥጥሩ ጠነከረ፤ ራግቢ ሊግ ሜዳዎች ላይ የነበሩ የእንጨት ትሪቡኖችም ተራ በተራ ተዘጉ። ከ1989ኙ የሂልስቦሮ እልቂት ወዲህ ደግሞ በትላልቆቹ የእግር ኳስ ሊጎች ሁሉም ተመልካች እንዲቀመጥ ተደረገ። ራግቢ ሊግን ይህ አልነካውም፤ ለዚህ ነው ተመልካቹ እስከ ዛሬ የሚቆመው። ሽማግሌው ስለ እሳቱ ሲያወሩ «ፍቅር» የሚለውን ቃል አልተጠቀሙም።

ሐደርስፊልድ ላይ ሻይ ጠጣን። በባቡር ጣቢያው አደባባይ ጥግ ላይ ጆርጅ ሆቴል አለ፤ በኦገስት 1895 የሰሜኑ ክለቦች ተሰብስበው ከራግቢ ማኅበሩ ተለይተው ራግቢ ሊግን የጀመሩበት። ጠቡ ቀላል ነበር፦ ቅዳሜ የሚሠራ ቆፋሪ ለመጫወት ሲቀር የቀረበት ደሞዝ ይተካለት ወይስ አይተካ? የደቡቡ ጌቶች አይሆንም አሉ። የከተማው ስታዲየም በ1994 የተከፈተ ሲሆን ጣሪያውን የያዙት ነጫጭ ቅስቶች በ1995 የብሪታንያ አርክቴክቶችን የዓመቱ ሕንፃ ሽልማት አስገኝተውለታል። ቆንጆ ነው። አሥር ደቂቃ አየነው፤ በቃን።

ተራራውን ተሻግረን ሴንት ሄለንስ ስንገባ ፀሐይ ወጣች። እዚህ ነው የሽማግሌው ሐሳብ ምን እንደሆነ የገባኝ። ሴንት ሄለንስ የመስታወት ከተማ ነው፤ ክለቡ ኖውስሊ ሮድ በሚባል ሜዳ ከ1890 እስከ 2010 ድረስ ኖረ። አሮጌው ለቤት መሥሪያ ሄደ፤ ቡድኑ የ2011ን ዘመን ዊድነስ በጥገኝነት አሳለፈ፤ በ2012 ወደ አዲሱ ገባ። አዲሱ የቆመው የመስታወት ፋብሪካ በነበረበት መሬት ላይ ነው፣ ከመሐል ከተማ በእግር የሚደረስ። አውራ ጎዳናውን የምታሻግር የእግረኛ ድልድይ አለች፤ ወጣት ሳለ በካንሰር በሞተው ተጫዋቻቸው በስቲቭ ፕሬስኮት ስም ነው የምትጠራው። ድልድይዋ ላይ ቆመን ስታዲየሙን አየነው። 18,000 ሰው ይይዛል።

«አሁን ቁጠር» አሉኝ። «የቱ ጋ ወንበር የለም?»

በሁለት ወገን። አዲስ ስታዲየም ከመሠረቱ ሲሠሩ ሰው የሚቆምበትን ደረጃ አስበው ሠርተውለታል! መቀመጥ የሚፈልግ ይቀመጣል፣ የተሽከርካሪ ወንበሩም ቦታ አለው፣ የሽማግሌውም መደገፊያ ብረት አለ። ቡድኑ ከ2019 እስከ 2022 አራት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ይህን ከደረጃው ጋር አላያይዘውም፤ ሽማግሌው ግን አያይዘውታል።

ዋሪንግተንም በ2004 ከከተማው ሳይርቅ፣ ቢራ ፋብሪካ በነበረበት ቦታ፣ መቆሚያውን ሳያጠፋ እንዲሁ እንዳደረገ በመንገድ ነገሩኝ። አልገባንበትም፤ ሰዓቱ እየሄደ ነበር።

የመጨረሻው ዊጋን ነው። ስታዲየሙን ያሳዩኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ፊት መኪናውን አቆሙ። የዊጋን የድሮ ሜዳ፣ ሴንትራል ፓርክ፣ እዚህ ነበር። ከ1902 እስከ 1999። በ1959 ከሴንት ሄለንስ ጋር ሲጫወቱ 47,747 ሰው ገብቶበታል። ክለቡ መሬቱን ሸጠና ከእግር ኳሱ ቡድን ጋር ወደ ሌላ፣ 25,000 ሰው ወደሚይዝ ስታዲየም ሄደ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሰዎች ጋሪ እየገፉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

«እዚህ ስንት ጊዜ እንደተሸነፍን ታውቃለህ?» አሉ ሽማግሌው። «አልገባም። አንተ ግባ።»

ገባሁ። የዳቦ መደርደሪያ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የዓሣ ፍሪጅ። የቱ ጋ የትራይ መስመሩ፣ ኳሱን አሳልፈው ነጥብ የሚያገኙበት፣ እንደነበር ለመገመት ሞክሬ ነበር፤ ከዚያ አንዲት ሴትዮ ጋሪዋን ልታሳልፍ ስትጠብቀኝ አየሁና ተውኩት። ሁለት ጠርሙስ ውኃ ገዝቼ ወጣሁ። አንዱን ስሰጣቸው ክዳኑን አዩት፣ በሩ ኪስ ውስጥ ሰኩት፣ መኪናውን አስነሡ።

ኤም 62 ላይ ምንም አልተነጋገርንም። መንገዱ ከማንችስተር ወዲህ ዳገት ነው፤ ጫፉ ላይ 372 ሜትር ከፍታ የሚል ምልክት ተተክሏል፤ በእንግሊዝ አውራ ጎዳና ከዚህ በላይ ከፍ የሚል የለም። ነፋሱ መኪናዋን ይገፋታል። የዮርክሻየር ነጭ ጽጌረዳ ያለበትን ሰሌዳ እንዳለፍን በአንድ እጃቸው ጠርሙሱን ከኪሱ አወጡ፣ ክዳኑን በጥርሳቸው ከፈቱ፣ ግማሹን ጨለጡት።