የ532 አካፋዮች

ሰሞኑን ደብተሬ ላይ ደጋግሜ የምጽፈው አንድ ቁጥር አለ፤ 532። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን የዘመን ስሌት፣ የነካካ ሰው ያውቀዋል። ዐቢይ ቀመር የሚባለው እሱ ነው። በዚህ ስሌት ፀሐይ፣ ጨረቃና የሳምንቱ ቀናት ተያይዘው ወደ ጀመሩበት የሚመለሱት በየ532 ዓመቱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን የሒሳብ ጥያቄ ነው። ይህ ቁጥር ስንት አካፋይ አለው? ከአካፋዮቹስ የትኞቹ ሥራ ተሰጣቸው?

አንድ በአንድ እየሞከሩ መፈለግ ይቻላል። በ3 አይካፈልም፣ በ4 ይካፈላል፣ በ5 አይካፈልም እያሉ መቀጠል። ግን «አንዱ አምልጦኝ ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ አይለቅም። ቁጥሩን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ወደሌላቸው) መበተን ይሻላል። የ532 ግማሽ 266፣ የ266 ግማሽ 133። 133 ደግሞ 7 ጊዜ 19 ነው። ከዚህ በላይ የሚበተን የለም። እንግዲህ 532 ማለት 2 × 2 × 7 × 19 ነው።

ማንኛውም አካፋይ የሚሠራው ከእነዚህ ብቻ ነው። 2ን ወይ እተወዋለሁ፣ ወይ አንዴ እወስደዋለሁ፣ ወይ ሁለቴ፤ 3 ምርጫ ነው። 7ን ወይ እወስዳለሁ ወይ እተዋለሁ፤ 2 ምርጫ። 19ም እንደዚያው። 3 × 2 × 2፣ 12 ይሆናል። በቃ፣ አካፋዮቹ 12 ናቸው፤ አንድም አይጨመርም፣ አንድም አይቀነስም። ይህን እርግጠኝነት በጣም እወደዋለሁ። (60ም 12 አካፋዮች አሉት፤ 2 × 2 × 3 × 5 ስለሆነ አበታተኑ ከ532 ጋር አንድ ዓይነት ነው።)

ነገሩ የሚጣፍጠው ቅድመ ሁኔታ ሲጨመርበት ነው። ከ12ቱ በ4 የሚካፈሉት ስንት ናቸው? እዚህ ላይ 2 ሁለቴ መግባቱ ግዴታ ነው፣ ምርጫ የለውም። ምርጫው 7 እና 19 ላይ ብቻ ይቀራል። 1 × 2 × 2፣ 4 ናቸው ማለት ነው። እነሱም 4፣ 28፣ 76 እና 532።

አራቱንም ባሕረ ሐሳብ ያውቃቸዋል! 4 የወንጌላውያን ዙር ነው፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። 28 ዐውደ ፀሐይ ነው፤ ዐውድ ማለት ዙር ነው። 76 ዐውደ ማኅተም ነው፣ ማዕከላዊ ቀመርም ይባላል። 532 ራሱ ዐቢይ ቀመር። 2 ጨርሶ የሌለባቸው ደግሞ 1፣ 7፣ 19 እና 133 ናቸው። 7 የሳምንቱ ቀናት፣ 19 ንዑስ ቀመር፣ ማለትም የጨረቃ ዙር። 2 አንዴ ብቻ የገባባቸው 2፣ 14፣ 38 እና 266 ናቸው። እነዚህ አራቱ ከዐውዶቹ ውስጥ የሉም።

ለምን? ጳጉሜን 6 የምትሆነው በ4 ዓመት አንዴ ስለሆነ ነው። የ4 ዓመቱን ዙር መሃሉ ላይ ቆርጦ የፀሐይን ዑደት መዝጋት አይቻልም። ተራው ዓመት 365 ቀን ነው፤ 52 ሳምንት ከ1 ቀን። ስለዚህ እንቁጣጣሽ የምትውልበት ቀን በየዓመቱ በአንድ ይገፋል፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን በሁለት። በ4 ዓመት 5 ቀን ተገፋ ማለት ነው። 5 እና 7 ደግሞ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። እንቁጣጣሽ በዚያው ወንጌላዊ በዚያው ቀን እንድትውል የ4 ዓመቱ ዙር 7 ጊዜ መደገም አለበት። 28 የመጣው ከዚህ ነው። 133ም ሥራ ያጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ 7ም 19ም አሉት፣ 4 ግን የለውም።

በልጅነቴ መስከረም 1 ቀን ቤተ ክርስቲያን በዓላትና አጽዋማት ሲታወጁ አበቅቴና መጥቅዕ (በዓላቱና አጽዋማቱ የሚሰሉባቸው ሁለት ቁጥሮች) ሲባል እሰማ ነበር። ከጀርባቸው እንዲህ ያለ ንጹሕ ሒሳብ መኖሩ ዛሬም ያስደንቀኛል። የ2018ን ልሥራው። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7518 ይሆናል። በ532 ሲገደፍ፣ ማለትም ተካፍሎ ትርፉ ብቻ ሲያዝ፣ 14 ጊዜ ደርሶ 70 ይተርፋል። 70 ከ76 ስለሚያንስ ያልፋል። በ19 ሲገደፍ 3 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል፤ መደቡ ይኸው ነው። አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 12። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መጡ፤ መምጣትም አለባቸው፣ 11 እና 19 ድምራቸው 30 ነውና።

ትልቁን 7518 ትቶ በትንሹ 70 መሥራት የተቻለው 19 የ76 አካፋይ፣ 76 የ532 አካፋይ ስለሆኑ ነው። 532ን ስንገድፍ የምንጥለው ሙሉ ሙሉ 19ኞችን ነው፣ ትርፉ አይነካም። በ76 ፈንታ 28ን መሃል ላይ ብናስገባስ? 28ም እኮ የ532 አካፋይ ነው። 70 በ28 ሲገደፍ ግን 14 ይተርፋል፤ 14 ከ19 ስለሚያንስ መደቡ 14 ሆኖ ይወጣል፣ ስህተት ነው። 19 የ28 አካፋይ አይደለምና። ወንጌላዊውን ለማግኘት ግን በ28 ቢያልፉም ችግር የለም፤ 4 የ28 አካፋይ ነው። 70ን ለ4 ባካፍል 2 ይተርፋል፣ 14ን ባካፍልም 2፣ 7518ን በቀጥታ ባካፍልም 2። ዘመነ ማርቆስ።