«ኃይሌ ገ.» ብላችሁ አታሳጥሩ

ዛሬ የፎቶ መግለጫ ሳርም ዋልኩ፤ አደራ፣ «ኃይሌ ገ.» የሚባለው ነገር ይቅር። ሁለት ታላላቅ ሰዎች አሉን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላው ሯጭ፣ በ10,000 ሜትር አትላንታ (1996) እና ሲድኒ (2000) ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀው ነው። ኃይሌ ገሪማ ደግሞ ጎንደር ተወልዶ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የፊልም ዳይሬክተር ነው፤ «ጤዛ» ፊልሙ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

ችግሩ የሚብሰው ፋይል ሲደረደር ነው። በ«ኃ» ብታስቀምጡ አንድ ቦታ ናቸው፤ የአባትን ስም እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ቆጥራችሁ በ«ገ» ብታስገቡም ያው ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ የአባት ስም ሳይቆረጥ፣ ቀጥሎ ሙያው ይጻፍ።

ፍለጋ ላይ ደግሞ ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ፣ ኀይሌ ለኮምፒውተሩ አራት የተለያዩ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ። «ገብረ ሥላሴ»ም ተነጥሎም ተገጥሞም፣ በ«ሥ»ም በ«ስ»ም ይጻፋል። ሁሉንም ሞክሩ፤ በአንዱ ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት ነው ትልቁ ጥፋት።

የሁለቱ ማይክል ጆርዳኖች ጉዳይ ይቀላል። ተዋናዩ ስሙ መሃል ላይ «ቢ» አለው (ማይክል ቢ. ጆርዳን)፤ እሷን ከጣላችሁ ግን በ1987 የተወለደውን ልጅ በ1963 የተወለደው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች አድርጋችሁታል።