ዴይቶና 500 እና የነፋሱ ነገር

የአሜሪካው የናስካር የመኪና እሽቅድምድም ዋንጫ ለነጥብ የሚደረገው የመጀመሪያ ውድድር፣ ዴይቶና 500፣ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ የካቲት ላይ በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች ይካሄዳል። ጓደኞቼ «ሰው እዚያው በዚያው ሁለት መቶ ጊዜ ሲዞር ማየት ምኑ ያጓጓል?» ይሉኛል፤ እኔም ስለ ነፋሱ እስክረዳ ድረስ እንደ እነሱ አስብ ነበር።

የመሮጫው ዙሪያ 2.5 ማይል በመሆኑ 200 ዙር ሲሞላ 500 ማይል ይሆናል። መታጠፊያዎቹ 31 ዲግሪ ያጋደሉ ናቸው፤ ያንን ተዳፋት ለመከመር አፈር የተዛቀበት ጉድጓድም ውሃ ሞልቶ እስከ ዛሬ በሜዳው መሃል ሐይቅ ሆኖ ይታያል። መንገዱ እንዲህ ስላጋደለ ሹፌሮቹ በመታጠፊያ እንኳ ነዳጅ መስጫውን እምብዛም አይለቁም፤ ስለዚህ ፉክክሩ የሚወሰነው በፍሬን ሳይሆን በአየር ነው። ፊት ያለው መኪና አየሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚከተለው ተቃውሞው የቀነሰ መንገድ ያገኛል፤ ተጠጋግተው የሚሮጡ ሁለት መኪኖችም ብቻውን ከሚሮጠው ይፈጥናሉ። አሸናፊ ለመሆን የሚፈልግ ሹፌር እንግዲህ ሊያሸንፈው የተነሳ ባላጋራ ከኋላ እንዲገፋው ይመኛል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በሌላው ታላቅ መሮጫ፣ በታላዴጋ፣ የቦቢ አሊሰን መኪና ጎማው ፈንድቶ ከመሬት ተነስቶ የተመልካቹን አጥር በመቅደዱ፣ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ በሁለቱ ታላላቅ መሮጫዎች፣ በዴይቶናና በታላዴጋ፣ ወደ ሞተር የሚገባው አየር በጠባብ ቀዳዳ እንዲገደብ ተደረገ። ፍጥነቱ በእርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን መኪኖቹ አቅማቸው ስለተቀራረበ እንደ መንጋ ተጣብቀው መሮጥ ጀመሩ፣ የአንዱ ስህተትም ሃያውን ይዞ የሚጠፋበት ጊዜ መጣ። ለደኅንነት የወጣ ደንብ ሌላ አደጋ መውለዱ ዛሬም ያስገርመኛል።

ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ገና የ1959ኙ የመጀመሪያው ውድድር አሳይቷል፦ መጀመሪያ ጆኒ ቦሻምፕ አሸናፊ ተባለ፣ ፎቶግራፎችና የዜና ፊልም ከተመረመሩ በኋላ ግን በሦስተኛው ቀን ድሉ ለሊ ፔቲ ተሰጠ። በ2016 ደግሞ ዴኒ ሃምሊን ያሸነፈው በ0.010 ሰከንድ ብቻ ነው።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚይዘኝ የ2001ዱ ነው። ይህን ውድድር ለማሸነፍ ሃያ ዓመት የፈጀበት ዴል ኧርንሃርት በመጨረሻው ዙር ሦስተኛ ነበር፤ ከፊቱ የነበሩት ሁለቱ መኪኖች የራሱ ቡድን ንብረት ሲሆኑ፣ አንዱን ልጁ፣ ሌላውን ማይክል ዋልትሪፕ ይነዱ ነበር። በመጨረሻው መታጠፊያ ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ከዚያ በፊት በ462 ውድድሮች አንድም ጊዜ ያላሸነፈው ዋልትሪፕ በድል አደባባይ ደስታውን ሲገልጽ፣ የመኪናው ባለቤት ምን እንደደረሰበት ገና አልሰማም ነበር።