ከእናቴ ጋር ወደ ሉሰርን

ሰሞኑን ሥራ ባለቀ ቁጥር የማነበው ስለ ስዊዘርላንድ ብቻ ነው። እናቴ ተራራ ትወዳለች፤ ጉልበቷ ግን ዳገት አያስወጣትም። ስለዚህ ስፈልግ የቆየሁት ሐይቅና ተራራ ያለውን ከተማ ብቻ ሳይሆን፣ ተራራውን ከሩቅ አሳይቶ የማይመልሳት፣ እስከ ጫፉ የሚያደርሳትን ከተማ ነው። ሉሰርን ላይ የወሰንኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከተማዋ ሮይስ የተባለው ወንዝ ከሐይቁ በሚወጣበት ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 435 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በስተደቡብ የሚታየው የፒላቱስ ተራራ 2128 ሜትር ከፍታ አለው። ወደዚያ የሚወጣው ባለጥርስ ባቡር (ጥርስ ያለው መንኮራኩሩ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የተዘረጋውን ባለጥርስ ሐዲድ እየነከሰ ዳገት የሚወጣ ባቡር) እ.ኤ.አ. በ1889 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የሐዲዱ ዳገት በአንዳንድ ቦታ 48 በመቶ ስለሚደርስ በዓለም ላይ በዚህ ረገድ የሚስተካከለው ባለጥርስ ባቡር የለም። መሐንዲሱ ኤድዋርድ ሎኸር፣ በተለመደው አሠራር ጥርሶቹ በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ከሐዲዱ ሊወጡ እንደሚችሉ ስለተረዳ፣ መንኮራኩሮቹ በአግድም ተኝተው መካከለኛውን ሐዲድ ከግራና ከቀኝ እንዲነክሱት አደረገ። እናቴን የማሳፍራት በዚህ ባቡር ነውና አሠራሩ በደንብ እስኪገባኝ ድረስ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩ ቁጥር ለሰውየው ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ይሁን እንጂ አንድ የጠራ ቀን ብቻ ብናገኝ የምመርጠው ሪጊ የተባለውን ሌላውን ተራራ ነው። ከፍታው ከፒላቱስ ያነሰ፣ 1800 ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከሉሰርን በመርከብ ተነስተን በሐይቁ ዳር ያለችው ቪትስናው ስንደርስ ባቡሩ ከወደቡ አጠገብ ይጠብቀናል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1871 የተከፈተው መስመር በአውሮፓ የመጀመሪያው የተራራ ባቡር ነው። ረጅም መንገድ በእግሯ መሄድ ለማትችል ሴት፣ ከመርከብ ወርዶ ወዲያው ባቡር ላይ መሳፈር ከሦስት መቶ ሜትር ተጨማሪ ከፍታ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ጉዞው በመስከረም እንዲሆን አስቤአለሁ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናብና ነጎድጓድ ይበዛል፤ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ዝቅተኛውን አገር ጭጋግ ይሸፍነዋል፣ የፒላቱስ ባለጥርስ ባቡርም ሥራ ያቆማል። የማረፊያ ክፍሉን አስቀድሜ ብይዝም ተራራ የምንወጣበትን ቀን አልቆርጥም፤ በየማለዳው ከተራራው ጫፍ በቀጥታ የሚተላለፈውን የካሜራ ምስል አይቼ እወስናለሁ። ዝናብ ከሆነ አሮጌው ከተማ አለልን፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1993 አብዛኛው ክፍሉ ተቃጥሎ እንደገና የታነጸው የእንጨት ድልድይ ጣሪያ ስላለው በዝናብም ይጎበኛል።

የቀረኝ የትኬቱ ነገር ነው። ለጎብኚዎች የሚሸጠው የስዊስ የጉዞ ትኬት የሐይቁን መርከቦችና የሪጊን ባቡር ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ለፒላቱስ ግን ግማሽ ዋጋ ብቻ ይቀንሳል። መርከቡን በየቀኑ የምንሳፈርበት ስለሚመስለኝ፣ ለሁለታችንም ይህንኑ እገዛለሁ።