ስሟ ሲጠራ ያልተነሳችው ልጅ

የምኖረው መሐል አውስትራሊያ ነው፣ አፈሩ ቀይ በሆነበት በረሃ ውስጥ። አቦርጂናሎች፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ራሳቸው በሚያስተዳድሩት ክሊኒክ እየሠራሁ በኅብረተሰብ ጤና ስፔሻላይዝ እያደረግኩ ነው። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ይፈጃል። አገር ቤት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስለሠራሁ ሥራውን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ዕቅድ፣ ክንውን፣ መቶኛ፣ ዘመቻ።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ የስም ዝርዝር ነው። የፔኒሲሊን መርፌያቸው ቀን ያለፈባቸው ሰዎች ዝርዝር። በሽታው ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል ወይም ቆዳው ላይ ቁስል ይወጣበታል። ያ ይድናል። ሰውነቱ ግን ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይጎዳል፤ ሲደጋገም የልብ ቫልቭ ይበላሻል። አገር ቤት ጉሮሯቸውን ባመማቸው ቁጥር እንጥል ተቆርጦላቸው ያደጉ፣ በሃያ ዓመታቸው ዳገት መውጣት ያቃታቸው ልጆች አይቻለሁ። በተቀረው የአውስትራሊያ ሕዝብ ዘንድ ይህ በሽታ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የቀረው በአብዛኛው አቦርጂናሎችና ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ያሉት የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ነባር ሰዎች ጋ ነው። እንዲህ ባለ ሀብታም አገር ይሄን ማየት አሁንም ያንገበግበኛል።

ሕመሙ እንዳይደጋገም መርፌው በየ28 ቀኑ ለዓመታት ይወሰዳል። ወፍራም ነው፣ በጣም ያማል።

ከዝርዝሩ ውስጥ አንዲት ወጣት አለች። ስሟንም መንደሯንም አልጽፍም። ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ «ቀጠሮ ነበራት፣ አልመጣችም» ይላል። እኔም «ክትትል ያቋረጡ» በሚለው ሥር አስገባኋት።

በአራተኛው ቀጠሮ ራሴ ወጥቼ ስሟን ጠራሁ። ዝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ ሁሉም አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። አንዲት አሮጊት የሹራብ ኮፍያዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ጎተተች። «አልመጣችም» ብዬ ልጽፍ ስመለስ የአቦርጂናል ጤና ባለሙያዋ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዶክተር፣ ያን ስም አትጥሪው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ያ ስም የነበራት ሴት ሞታለች።»

«ልጅቷስ?»

«በሩ አጠገብ ያለችው ናት። አሁን ኩማንጃዪ ነው የምትባለው።»

በዚህ በረሃ ሰው ሲሞት ስሙ ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት አይነሳም። ሞክሼዎቹም በሌላ ስም ይጠራሉ፤ ኩማንጃዪ አንዱ ነው። እኛ የሞተብንን በስሙ እየጠራን፣ ሙሾ እያወረድን እናለቅሳለን። እነሱ ስሙን ያሳርፉታል። ልጅቷ ሦስቱንም ቀጠሮ መጥታ ነበር። በእነዚያ ቀናት ተረኛ የነበሩት ለጥቂት ሳምንት ከሌላ ከተማ የመጡ ነርሶች ናቸው። ያን ስም ይጠራሉ፣ እሷ አትነሳም። ክሊኒኩ ሲዘጋ መርፌውን ሳትወጋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እኔ ደግሞ «አቋረጠች» ብዬ ጻፍኩባት።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወረዳ ሳለሁ እንዲህ አድርጌ የጻፍኳቸው ሰዎች ስንት ይሆኑ?

እነዚህ ክሊኒኮች የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደሉም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲድኒ፣ ሬድፈርን ውስጥ ተከፈተ። አቦርጂናሎች ሌላ ቦታ ሲታከሙ ክብራቸው ስላልተጠበቀ የራሳቸውን አቋቋሙ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ140 በላይ ናቸው። ቦርዱን የሚመርጠው ማኅበረሰቡ ነው፤ ሐኪም የሚቀጠረው በነሱ ነው። ወረዳ ሳለሁ ሪፖርቴ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል እንጂ፣ ስለ ቀበሌው ሰው የጻፍኩትን ለቀበሌው ሰው አንብቤ አላውቅም። እዚህ መጀመሪያ የማቀርበው ለባለቤቶቹ ነው። እነሱ ካልፈቀዱ ቁጥሩ የትም አይሄድም።

ቦርዱ ፊት ግራፌን ስከፍት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አስቆሙኝ። ወጣቶቹ «ኦንቲ» ይሏቸዋል፣ እኛ እትዬ እንደምንለው።

«ቆይ ልጄ፣ አገርሽ የት ነው?»

«ኢትዮጵያ» አልኳቸው።

«እሱን ሰምቻለሁ። አገርሽ የት ነው?»

በነሱ እንግሊዝኛ «ካንትሪ» ማለት ዘመዶችህ የተቀበሩበት፣ ወንዙንና ኮረብታውን በስም የምታውቀው መሬት ነው። ነጭ ባልደረቦቼ ይህን ለመረዳት ኮርስ ይወስዳሉ። አማርኛ ተናጋሪ ምን ኮርስ ያስፈልገዋል? «አገሬ ጎጃም ነው፣ ጮቄ ተራራ ሥር» አልኩ። ከጮቄ ስለሚነሱትና ዓባይ ስለሚገቡት ወንዞች ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ «አሁን ወረቀትሽን አሳይን» አሉኝ።

ሠንጠረዡን አይተው የጠየቁኝ ስለ መርፌው አልነበረም። «እነዚህ ልጆች ቤት ስንት ሰው እንደሚያድር ጠይቀሻል? ሻወሩስ ይሠራል?»

አልጠየቅኩም። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር፣ ሻወሩና የልብስ ማጠቢያው ሲበላሽ፣ ቁስሉ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ትራኮማም እንደዚያው ነው። አያቴ የተገለበጠ የዓይን ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስትነቅል እያየሁ ነው ያደግኩት። ቤታችን ውኃ የሚመጣው በእንስራ፣ በጀርባ ነበር። ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከጤና ባለሙያዋ ጋር ቁጭ ብለን ዝርዝሩን ሰው በሰው እናያለን። ይሄ ለቅሶ ሄዷል፣ ሌላ መንደር ነው፣ መርፌው እዚያ ይላክለት። የዚህችኛዋ መኪና ተበላሽቷል፣ ሄደን እናምጣት። እዚህ ቤት ቧንቧው ከተዘጋ ቆይቷል፣ ለቤቶች አስተዳደር ዛሬውኑ ይጻፍ። «ክትትል ያቋረጡ» የሚለውን ዓምድ ሰርዘነዋል። በምትኩ «በምን ስም ትጠራ?» የሚል ገብቷል።

ባለፈው ሳምንት የልጅቷ 28ኛ ቀን ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። በሩ አጠገብ፣ እዚያው ወንበሯ ላይ ነበረች። ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ዛሬ በግራ በኩል» አለችኝ፣ «ቀኙ ገና ያመኛል።»